እርጅናን የሚያዝዙ ኬሚካሎች፦ ኤቲሊንና የዕፅዋት የጫና ምላሽ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ጎዳናዎቻቸውን የሚያበሩት ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። ጋዙ ከመሬት በታች በተቀበሩ ቧንቧዎች ተጉዞ ወደ መብራት ምሰሶዎቹ ይደርሳል። ቧንቧው በተሰነጠቀበት ሥፍራ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ይታይ ነበር፤ በአጠገቡ የተተከሉት የጥላ ዛፎች በልምላሜያቸው ወራት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ዛፎቹ ውኃ አላጡም፣ ተባይም አልነካቸውም፤ ሆኖም ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ።

ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ ያስገባው የሴንት ፒተርስበርጉ ወጣት ተመራማሪ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ ነው። ኔልዩቦቭ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያበቅላቸው የአተር ቡቃያዎች ወደ ላይ በመመዘዝ ፈንታ አጥረውና ወፍረው ወደ ጎን ይተኙበት ነበር። ከደጅ በመጣ አየር ያደጉት ግን ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የቤተ ሙከራውን አየር በጋለ የመዳብ ኦክሳይድ ላይ አሳልፎ የሚቃጠሉትን ጋዞች ሲያስወግድ ቡቃያዎቹ ቀጥ አሉ። ከዚያም የመብራቱን ጋዝ ክፍሎች አንድ በአንድ ፈትሾ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ኤቲሊን መሆኑን በ1901 እ.ኤ.አ. አሳወቀ።

በዚህ ጽሑፍ ኤቲሊንን መነሻ አድርገን፣ የእድገት ተቆጣጣሪ የሚባሉት ኬሚካሎች በዕፅዋት ላይ ጫናንና እርጅናን እንዴት እንደሚያስከትሉ እንመለከታለን። ርእሱ የሥነ ሕይወት ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች የገባንበት ምክንያት ግን ወደ መጨረሻው ሲደረስ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ትንሹ ሞሎኪውል

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። በገበያ ቋንቋችን ጋዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለፋኖስና ለምድጃ የሚገዛውን ፈሳሽ፣ ላምባን ነው። እዚህ ግን ጋዝ የምንለው እንደ አየር በነፃ የሚናኘውን የቁስ አካል ሁኔታ ነው። ኤቲሊን በዚህ ትርጉም ጋዝ ነው። ሁለት የካርቦንና አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ አሉት፤ ካርቦኖቹ በድርብ ትስስር ተያይዘዋል። የሞሎኪውሉ ክብደት 28 ሲሆን የአየር አማካይ 29 ነው። ስለዚህ ኤቲሊን በአየር ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያደላ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል።

ከአሥር ሚሊዮን የአየር ሞሎኪውሎች መካከል አንዱ ብቻ ኤቲሊን ቢሆን ለብዙ ዕፅዋት በቂ ትእዛዝ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ውስጥ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ሞሎኪውሎች ስለሚገኙ፣ በዚህ መጠን እንኳ 2.5 ትሪሊዮን የኤቲሊን ሞሎኪውሎች በዚያች የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ይርመሰመሳሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ በአንድ አራተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ለሰው ቁጥሩ ምንም ማለት አይደለም፤ ለሙዝ ግን የማብሰያ አዋጅ ነው።

ኤቲሊን ከውጭ የሚመጣ መርዝ ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. በመብሰል ላይ ያሉ ፖሞች ራሳቸው ኤቲሊን እንደሚያመነጩ አሳየ። ተክሉ ጋዙን የሚሠራው ሜቲዮኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው። የዚህን ኬሚካላዊ መንገድ ዋና መገናኛ አዳምስና ሻንግ ፋ ያንግ በ1979 እ.ኤ.አ. አገኙት፤ በምህጻረ ቃል ኤ.ሲ.ሲ. የሚባል ውሑድ ነው። ኤ.ሲ.ሲ. ወደ ኤቲሊን የሚለወጠው ኦክስጅን ሲኖር ብቻ ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በካሊፎርኒያ የሎሚ ገበሬዎች ዘንድ የሆነውም ሊጠቀስ ይገባዋል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አረንጓዴ ሎሚን በላምባ ምድጃ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አቆይተው ቢጫ ያደርጉት ነበር። ሙቀት ነው የሚሠራው ብለው ስላመኑ ምድጃውን በዘመናዊ ማሞቂያ ሲተኩት ሎሚው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ሳይሆን በጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን ዴኒ የተባለ ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. አሳየ። በአዲስ አበባም የሙዝ ነጋዴዎች ከአርባ ምንጭ የመጣውን ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ማብሰላቸው የቆየ ልማድ ነው። አሠራሩ በኬሚስትሪ ረገድ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ጭሱ ከኤቲሊን ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድንና ጥላሸትን ይዞ መምጣቱ፣ መጠኑንም የሚለካ አለመኖሩ ነው።

እግርን ከፍሬን ላይ ማንሳት

ተክሉ ይህን ጋዝ የሚያውቀው እንዴት ነው? በ1993 እ.ኤ.አ. አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የሙከራ ተክል ላይ የኤቲሊን ተቀባይ ፕሮቲን ዘረመል ተለየ። ይህ ስለ ማንኛውም የዕፅዋት ሆርሞን ተቀባይ የተገኘ የመጀመሪያው እውቀት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በተቀባዩ ውስጥ አንድ የመዳብ አየን ተሸጉጦ እንደሚገኝና ኤቲሊን በድርብ ትስስሩ ኤሌክትሮኖች አማካይነት ከዚህ መዳብ ጋር እንደሚጣበቅ ታወቀ።

አብዛኛው ተማሪ ተቀባዩ ኤቲሊን ሲነካው ይበራል ብሎ ይገምታል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተቀባዩ በሥራ ላይ የሚሆነው ኤቲሊን በሌለበት ጊዜ ሲሆን፣ ሥራውም የእርጅናና የመብሰል ዘረመሎች እንዳይነሡ ማፈን ነው። ኤቲሊን ሲደርስ ተቀባዩ ሥራውን ያቆማል፤ የታፈነውም ይለቀቃል። በመኪና ብንመስለው ኤቲሊን ነዳጅ አይረግጥም፤ ከፍሬኑ ላይ እግርን ያነሳል እንጂ። መኪናው ዱሮውንም በቁልቁለት ላይ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ፍሬኑን ቆልፎ የማቆየትን ዘዴ አገኙ። የብር አየን በመዳቡ ቦታ ሲገባ ኤቲሊን ቢጣበቅም ተቀባዩ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ቀንበጡ የተቆረጠ አበባ የብር ውሑድ ባለበት ውኃ ውስጥ ሲቆይ ዕድሜው ይረዝማል። ብር ግን ከባድ ብረት ስለሆነ ለሚበላ ፍሬ አይውልም። ለዚያ የተገኘው መፍትሔ 1-ሜቲል ሳይክሎፕሮፒን የተባለ ጋዝ ነው፤ ሦስት ካርቦኖች በጠባብ ሦስት ማዕዘን የታሰሩበት ሞሎኪውል ሲሆን ከተቀባዩ ጋር ከኤቲሊን ይልቅ አጥብቆ ይያያዛል፣ ሆኖም ፍሬኑን አይለቅም። ዛሬ በብዙ አገሮች ፖም ለወራት በመጋዘን የሚቆየው በእርሱ ነው። ከዝዋይና ከሆለታ ተነሥተው ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን ለሚጓዙ ጽጌረዳዎችም የኤቲሊን ጉዳይ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው፤ ከበሰለ ፍራፍሬ ጋር በአንድ መጋዘን ያደረ ጽጌረዳ፣ ዝርያው ለጋዙ የሚሰማው ከሆነ፣ ገበያ ሳይደርስ ሊረግፍ ይችላል።

እርጅና መበስበስ አይደለም

የቅጠል እርጅና ዝም ብሎ ማለቅ አይደለም። በሥርዓት የሚካሄድ ንብረት የማሸሽ ሥራ ነው። በአንድ ቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በክሎሮፕላስቶች ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ተይዞ ይገኛል። ቅጠሉ ሲያረጅ እነዚህ ፕሮቲኖች ተቆራርጠው ወደ ዘሩ፣ ወደ ግንዱ ወይም ወደ አዲስ ቅጠል ይላካሉ። በመስቀል ሰሞን አረንጓዴ የነበረው የስንዴ ማሳ በኅዳር ወርቅ ሲመስል እያየን ያለነው የእህሉን ፕሮቲን ጭነት ነው።

ታዲያ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ይሆናል? ክሎሮፊል በአንድ ሞሎኪውል አራት የናይትሮጅን አቶሞች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሲፈርስም እነዚህ አቶሞች ከቅጠሉ አይወጡም፤ ቀለም አልባ ሆነው በሴሉ የማከማቻ ከረጢት ውስጥ ይቀራሉ። ትርፍ የማይገኝበትን ነገር ማፍረስ ለምን አስፈለገ? መልሱ የብርሃን ፊዚክስ ነው። ክሎሮፊል ብርሃን ሲውጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይወጣል። በጤናማ ቅጠል ይህ ኃይል በቅጽበት ወደ ፎቶሲንተሲስ ሰንሰለት ይተላለፋል። ፕሮቲኖቹ ከፈረሱ በኋላ ግን ክሎሮፊሉ ብርሃን መዋጡን አያቆምም፤ የያዘውን ኃይል የሚያስረክበው ግን ያጣል። በመጨረሻ ኃይሉን ለኦክስጅን ይሰጠዋል፤ በዚህ መንገድ የተቀሰቀሰው ኦክስጅን ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ሁሉ ያቃጥላል። ስለዚህ ቅጠሉ ንብረቱን ሳያሸሽ እንዳይቃጠል ክሎሮፊሉን በጥንቃቄ ማምከን አለበት። የምናየው ቢጫ ቀለም አዲስ የተሠራ ሳይሆን ዱሮም በአረንጓዴው ተሸፍኖ የነበረው የካሮቲን ቤተሰብ ቀለም ነው።

የማርጃው ሰዓት ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ከዱር ስንዴ የተለየ አንድ ዘረመል እርጅናን በማፋጠን የእህሉን ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ከፍ እንደሚያደርግ ተገለጠ። በሌላ በኩል በድርቅ አገር ቶሎ የሚያረጅ ሰብል ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በዓለም የታወቀው፣ በድርቅ ጊዜ አረንጓዴነቱን ጠብቆ የሚቆየው ቢ-35 የተባለ የማሽላ ዝርያ የዘር ሐረጉ ከኢትዮጵያ የዱራ ማሽላ ይመዘዛል። ቶሎ ማርጀት ይሻላል ወይስ ዘግይቶ? በእኛ አስተያየት ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም ሳይነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አይቻልም።

እርጅናን የሚያዘገየው ዋናው ሆርሞን ሳይቶካይኒን ነው። ሪችመንድና ላንግ በ1957 እ.ኤ.አ. ከተክሉ የተቆረጠ ቅጠል የዚህ ቤተሰብ አባል በሆነው ካይኔቲን ውስጥ ሲነከር አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ጋንና አማሲኖ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሰውን የሚያስቀና ሥራ ሠሩ። ሳይቶካይኒን የሚያመርተውን ዘረመል እርጅና ሲጀምር ብቻ በሚበራ ማብሪያ ላይ አያይዘው በትምባሆ ውስጥ አስገቡት። ቅጠሉ ሊያረጅ ሲል ማብሪያው ይበራል፤ ሳይቶካይኒን ይመረታል፤ እርጅናው ይቆማል፤ እርጅናው ሲቆም ማብሪያው ራሱ ይጠፋል። አሠራሩ የካውያ ሙቀት መቆጣጠሪያ ከሚሠራበት መንገድ አይለይም።

ራሱን የሚገድል አረም

ከተፈጥሮ ሆርሞኖች መካከል ኦክሲን የእድገት ሆርሞን በመባል ይታወቃል። ከጤናማ ቅጠል ወደ ግንዱ ያለማቋረጥ የሚፈሰው ኦክሲን የቅጠሉ አንገት ለኤቲሊን ደንቆሮ እንዲሆን ያደርጋል፤ ፍሰቱ ሲደክም አንገቱ መስማት ይጀምራልና ቅጠሉ ይረግፋል። ይህ የሕይወት ሆርሞን ግን መጠኑ ሲበዛ ገዳይ ይሆናል። በአገራችን የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው።

ብዙ ሰው ቱ ፎር ዲ አረሙን ያቃጥላል ይላል። አያቃጥልም። ተክሉ የራሱን ኦክሲን ሲበዛበት አፍርሶ ወይም አስሮ ያስወግዳል፤ ቱ ፎር ዲን ግን በዚያ ፍጥነት ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ ሳይቋረጥ ይጮኻል። የኤ.ሲ.ሲ. አምራች ኤንዛይም ይበዛል፤ ኤቲሊን ይፈልቃል፤ የቅጠል እጀታዎች ወደ ታች ይጎብጣሉ፣ ግንዱ ይጠማዘዛል። ቀጥሎ አብሲሲክ አሲድ የተባለው የድርቅ ሆርሞን ይከማቻል፤ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ድርቅ የመጣ መስሎት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መግባቱ ሲቋረጥ ፀሐይ ግን ማብራቷን አታቆምም፤ ቀደም ሲል ያየነው የተቀሰቀሰ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይከማቻሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረሙ በራሱ የእርጅና መመሪያ ይሞታል። ጤፍና ስንዴ የሚተርፉት የሣር ወገን በመሆናቸው ኬሚካሉን በውስጣቸው ብዙ ስለማያሰራጩና ፈጥነው ስለሚያመክኑት ነው። ይህ ጥበቃ ግን ገደብ አለው፤ ስንዴው ቁጥቋጦውን ጨርሶ አንጓ ማውጣትና ዛላ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ቢረጭ ዛላው ይጣመማል። ነፋስ ባለበት ሰዓት ሲረጭ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ያላቸው የጎረቤት ኑግ፣ ሽምብራና ባቄላ ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ።

የእድገት ተቆጣጣሪ ምርምር ጨለማ ገጽታም አለው። አርተር ጋልስተን በ1943 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራው አኩሪ አተርን ቶሎ የሚያሳብብ ኬሚካል ሲያጠና፣ መጠኑ ሲበዛ ቅጠል እንደሚያረግፍ ጽፎ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ጦር ቱ ፎር ዲን ከእኅት ውሑዱ ጋር ቀላቅሎ፣ ኤጀንት ኦሬንጅ በሚል ስም በቬትናም ደኖች ላይ ረጨው። እኅት ውሑዱ ዳዮክሲን በተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ የተበከለ ነበር። ጋልስተን ርጭቱ እንዲቆም ከተከራከሩት ሳይንቲስቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት የተሰለፈ ነበር፤ ይህ ድብልቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ታገደ።

የጋዙ መንገድ ሲዘጋ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። ጋዝ በአየር ውስጥ ሲሰራጭ የሚወስድበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይጨምራል፤ ከስርጭት መጠኑ ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ኤቲሊን በአየር ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመሰራጨት 3 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በረጋ ውኃ ውስጥ ስርጭቱ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚዘገይ ለዚያችው አንድ ሴንቲ ሜትር 7 ሰዓት ይፈጃል። ርቀቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ሆኖ ወደ አንድ ወር ይጠጋል። በሌላ አነጋገር ውኃ የተኛበት መሬት ለኤቲሊን እስር ቤት ነው።

በክረምት ውኃ የሚቋጥረው የደጋው ጥቁር ዋልካ አፈር ውስጥ ያለ ሥር የሚደርስበት ይኸው ነው። ኤቲሊኑ መውጫ ያጣል፤ ኦክስጅንም በዚያው ምክንያት መግቢያ ያጣል። ኤ.ሲ.ሲ. ወደ ኤቲሊን ለመለወጥ ኦክስጅን እንደሚያስፈልገው ከላይ ብለናል። ስለዚህ በታፈነው የቲማቲም ሥር የተመረተ ኤ.ሲ.ሲ. ከጭማቂው ጋር ወደ ላይ ተጉዞ ኦክስጅን ባለበት ቅጠል ውስጥ ኤቲሊን ይሆናል፤ ቅጠሉም ይጎብጣል። ሥሩ ተጨንቆ መልእክት ላከ፣ ያረጀው ግን ቅጠሉ ነው። በቆሎን በመሰሉ ዕፅዋት ሥር ደግሞ የታሰረው ኤቲሊን አንዳንድ ሴሎች እንዲሞቱ ያዝዛል፤ የሞቱት ሴሎች ቦታ ባዶ ቱቦ ይሆንና ከላይ አየር ይወርድበታል። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ውኃውን ማንጣፈፋቸው ለዚህ እስር ቤት በር እንደ መክፈት ይቆጠራል።

እጅግ ያስገረመን ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ግኝት ነው። ሥር በታመቀ አፈር ውስጥ እድገቱን የሚያቆመው አፈሩ ስለሚጠነክርበት ነው ብለን ሁላችንም እናስብ ነበር፤ ጉልበት ከጉልበት ጋር የሚጋጠምበት የመካኒክስ ጉዳይ ይመስል ነበር። ተመራማሪዎቹ ለኤቲሊን ደንቆሮ የሆነ ሩዝ በታመቀ አፈር ውስጥ ዘሩ። የጤነኛው ሩዝ ሥር አጥሮና ወፍሮ ሲቆም፣ የደንቆሮው ሥር ያንኑ ጠንካራ አፈር እየሰነጠቀ ወረደ። ሥሩን ያቆመው የጉልበት ማነስ አልነበረም ማለት ነው። አፈር ሲታመቅ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት ቀዳዳዎች ይጠብባሉ፤ ከሥሩ ጫፍ የሚወጣው ኤቲሊን መሸሻ አጥቶ በዙሪያው ይከማቻል፤ ሥሩም መጠኑን አይቶ ወደፊት መንገድ የለም ብሎ ይወስናል። ሥር አፈርን የሚለካው በጋዝ ስርጭት ነው! ማረሻ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲያልፍ ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ እንደሚፈጠር የአገራችን የአፈር ተመራማሪዎች አሳውቀዋል፤ በዚያ ንጣፍ ላይ የሚቆመው የበቆሎ ሥር ከጥንካሬው በፊት የሚያነበው ይህን ምልክት ይሆን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በቀላሉ አይገኝም።

የኔልዩቦቭን ሙከራ ግን ማንም በቤቱ ሊደግመው ይችላል። ክዳናቸው የሚገጥም ሦስት ሰፋፊ የመስታወት ዕቃዎች፣ እርጥብ ጨርቅና በውኃ ያደረ አተር ያስፈልጋል። በሦስቱም ውስጥ እኩል አተር ከተዘራ በኋላ በአንደኛው በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ በሁለተኛው ገና አረንጓዴ የሆነ ሙዝ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ባዶውን ይተዋል። ጥሬው ሙዝ የሚያስፈልገው እርሱም ስለሚተነፍስ ነው፤ ልዩነት ከታየ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ውጤት ነው የሚለውን ጥርጣሬ በከፊል ያስቀርልናል። ሦስቱም በጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጡና ኦክስጅን እንዳያልቅባቸው በየቀኑ ለጥቂት ሰከንድ ይከፈቱ። ጥሬው ሙዝ ቢጫ መሆን ከጀመረ በሌላ ጥሬ ይተካ። በሰባተኛው ቀን የእያንዳንዱ ቡቃያ ርዝመትና ውፍረት በማስመሪያ፣ ከቀጥታው መስመር ያዘነበለበት ማዕዘን ደግሞ በፕሮትራክተር ይለካ። ሦስቱ ልኬቶች በአንድነት ከተለወጡ፣ ማለትም ቡቃያው ካጠረ፣ ከወፈረና ከተጋደመ፣ ኔልዩቦቭ ያየውን አይተናል ማለት ነው።